ስለ ዓለም የስልክ ቁጥሮች ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአገር ኮድ ምንድን ነው? የሚሰጠውስ ማን ነው?

ከውጭ ሲደወል ከስልክ ቁጥሩ ፊት የሚገባ፣ ከአንድ እስከ ሦስት አሃዝ ያለው መለያ ነው። የፈረንሳይ 33፣ የግብፅ 20፣ የኬንያ ደግሞ 254 ነው። የሚመድበው መቀመጫው ጄኔቭ የሆነው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። ኅብረቱ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1865 ፓሪስ ላይ ሲመሠረት ሥራው ቴሌግራፍ ነበር፤ ቤል የስልክ ባለቤትነት መብቱን ያገኘው ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ፣ በ1876 ነው።

ኅብረቱ የሚሰጠው የአገሩን ኮድ ብቻ ነው። ከኮዱ ቀጥሎ ያለውን አሃዝ ለከተማው፣ ለሞባይሉ፣ ለድርጅቱ የሚያከፋፍለው ራሱ አገሩ ነው። ግን ጣሪያ አለው። የአገር ኮዱን ጨምሮ ጠቅላላው ከ15 አሃዝ መብለጥ አይችልም። ቀድሞ ጣሪያው 12 ነበር።

የ"+" ምልክትና 00 ልዩነታቸው ምንድን ነው?

"+" ማለት "ካላችሁበት አገር ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ቁጥር እዚህ አስገቡ" ማለት ነው። ያ ቁጥር በብዙ አገር 00 ነው። ከአሜሪካና ከካናዳ ሲደወል ግን 011 ነው። ከአውስትራሊያ 0011፣ ከጃፓን 010 ነው። ብሪታንያም እስከ 1995 ድረስ 010 ነበር የምትጠቀመው። በድሮ የእንግሊዝ ወረቀት ላይ ከውጭ አገር ቁጥር ፊት 010 ካያችሁ የጽሕፈት ስህተት እንዳይመስላችሁ።

ሞባይል ላይ "+" ስትነኩ ኔትወርኩ ራሱ ወደሚሠራው ቁጥር ይተረጉመዋል። ስለዚህ ቁጥር ስትመዘግቡ በ"+" መያዝ ይሻላል። በ00 የያዛችሁት ቁጥር አገር ስትቀይሩ አልሠራም ሊላችሁ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ቁጥር ነበራቸው?

አልነበራቸውም። ለንግድ የተከፈተው የመጀመሪያው የስልክ ማዞሪያ በጥር 1878 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ሥራ ሲጀምር ደንበኞቹ 21 ነበሩ። በቀጣዩ ወር የወጣው የስልክ ማውጫ አንዲት ወረቀት ናት። 50 ስም አላት፤ ቁጥር ግን አንድም የላትም። ስልኩን አንስቶ ለኦፕሬተሩ "ከእገሌ ጋር አገናኘኝ" ማለት በቂ ነበር።

ቁጥር የመጣው በበሽታ ምክንያት ነው መባሉ ብዙ ሰው ይገርመዋል። በ1879 ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኘው ሎዌል ከተማ የኩፍኝ ወረርሽኝ ገባ። የከተማዋ ሐኪም ሞሰስ ግሪሊ ፓርከር አንድ ነገር አሳሰባቸው። የከተማዋ ስልክ የሚሠራው በጥቂት ኦፕሬተሮች ነው፤ የማን መስመር የት እንደሆነ በቃላቸው የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። እነሱ ቢታመሙ የሚተካቸው ሰው ያንን ሁሉ ስም ከየት ያመጣል? እናም ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቁጥር ይሰጥ አሉ። ዛሬ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ሐሳብ መነሻው ይህ የሐኪም ጭንቀት ነው።

በድሮ ማስታወቂያዎች ላይ የቦታ ስምና ቁጥር ተቀላቅሎ የሚታየው ለምንድን ነው?

ስሙ የማዞሪያ ጣቢያው ስም ነው። የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ስልክ ለረጅም ጊዜ "ዋይትሆል 1212" ነበር። መጀመሪያ ላይ ይህንን ለኦፕሬተር መናገር ነበር። ከ1927 ጀምሮ ለንደን ወደ አውቶማቲክ ስትሸጋገር፣ ደዋዩ የስሙን የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት መደወያው ላይ ማዞር ጀመረ። ፊደላቱ ከቁጥሮቹ ጋር አብረው ታትመው ስለነበር ዋይትሆል በ944 ይገባል። ዛሬም ስልካችን ላይ 2 ቁጥር ሥር ሦስት የላቲን ፊደላት የምናየው ከዚያ ዘመን ተርፈው ነው።

አውቶማቲኩ ማዞሪያ ራሱ የአንድ ቀባሪ ሥራ ነው። አልመን ስትሮውጀር በካንሳስ ሲቲ ሬሳ ገንዞ በማስቀበር የሚተዳደር ሰው ነበር። የእሱን ደንበኞች ኦፕሬተሮቹ ወደ ተፎካካሪው እያዞሩበት እንደሆነ ጠረጠረ ይባላል። መፍትሔው ኦፕሬተሩን ጭራሽ ከመሃል ማውጣት ሆነ። የባለቤትነት መብቱን በ1891 አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በኢንዲያና ግዛት ላ ፖርት ከተማ የመጀመሪያው አውቶማቲክ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ።

የአገር ኮዶቹ በምን ቅደም ተከተል ተሰጡ?

በክፍለ ዓለም ነው። በ1960 አውሮፓንና የሜዲትራኒያንን አካባቢ ብቻ የሚሸፍን ዝርዝር ወጥቶ ነበር። በ1964 ዓለም በሙሉ በዘጠኝ ቀጠና ተከፈለች፤ ዛሬም የምንጠቀመው ያንኑ ነው። 1 ሰሜን አሜሪካ፤ 2 አፍሪካ፤ 3 እና 4 አውሮፓ፤ 5 የተቀረው አሜሪካ፤ 6 ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኦሺኒያ፤ 7 ያኔ ሶቪየት ኅብረት፤ 8 ምሥራቅ እስያ፤ 9 ደግሞ ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ደቡብ እስያ ያለው። ለዚህ ነው የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤታሞች በቁጥርም የተጎራበቱት፤ ኢትዮጵያ 251፣ ሶማሊያ 252፣ ጂቡቲ 253፣ ኬንያ 254፣ ታንዛኒያ 255፣ ኡጋንዳ 256።

አውሮፓ ለብቻዋ ሁለት ቀጠና መያዟ ፍትሐዊ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ያኔ ብዙ ስልክ የነበራቸው አገሮች እነሱ ነበሩ። ብዙ ስልክ ያለው አገር የውስጥ ቁጥሩ ስለሚረዝም ኮዱ እንዲያጥር ተፈለገ። አፍሪካ ውስጥ ባለ ሁለት አሃዝ ኮድ ያላቸው ግብፅ (20) እና ደቡብ አፍሪካ (27) ብቻ ናቸው። በእኔ እይታ ይህ ዝርዝር የ1960ዎቹን የሀብት ሚዛን እንደ ፎቶግራፍ አንስቶ ያስቀረ ሰነድ ነው። የአገሮቹ አቅም ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለዋውጧል፤ ኮዳቸው ግን እዚያው ቀርቷል።

ከ"+1" የተደወለልኝ ጥሪ ከአሜሪካ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። +1 የአንድ አገር ኮድ አይደለም። አሜሪካ፣ ካናዳና በርካታ የካሪቢያን ደሴቶች በጋራ ይጠቀሙበታል። የሚለያቸው ቀጣዩ ሦስት አሃዝ ነው። ለምሳሌ 876 ጃማይካ፣ 242 ባሃማስ፣ 246 ባርቤዶስ ነው።

ድሮ መለየቱ የበለጠ ከባድ ነበር። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ብዙዎቹ ደሴቶች 809 የሚባል አንድ ኮድ ይጋሩ ነበር። የዛሬው 809 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ ሰነድ ላይ 809 ካገኛችሁ ያለ ሌላ ማስረጃ "ዶሚኒካን ነው" ብላችሁ አትመዝግቡ። እና አንድ ጊዜ ጠርቶ የተቋረጠ የማታውቁት +1 ካያችሁ መልሳችሁ ከመደወላችሁ በፊት ቀጣዩን ሦስት አሃዝ እዩ። ሂሳቡ ከጠበቃችሁት በላይ ሊመጣ ይችላል።

የኒው ዮርክ ኮድ ለምን 212 ሆነ?

ጣት አስገብተው የሚያዞሩትን ስልክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። መደወያውን አዙራችሁ ስትለቁት ወደ ቦታው እየተመለሰ መስመሩን ቆረጥ ቆረጥ ያደርጋል። 2 ካዞራችሁ ሁለት ጊዜ፣ 9 ካዞራችሁ ዘጠኝ ጊዜ፣ 0 ካዞራችሁ አሥር ጊዜ። ማዞሪያው ያንን ይቆጥራል። ስለዚህ 212 በድምሩ አምስት ምት ብቻ ነው። ቺካጎ 312ን፣ ሎስ አንጀለስ 213ን አገኙ፤ ሁለቱም ስድስት ምት ናቸው። ብዙ ጥሪ የሚገባባቸው ከተሞች ቶሎ የሚያልቅ ኮድ ወሰዱ። ከ1947 በኋላ የመጣችው አላስካ ደግሞ 907 ደረሳት፤ 26 ምት።

በ1947 የወጡት ኮዶች 86 ነበሩ። በሁሉም መሃል ላይ ያለው አሃዝ 0 ወይም 1 ነው። 0 ከሆነ ግዛቱ በሙሉ አንድ ኮድ ብቻ አለው ማለት ነው፤ ኒው ጀርሲ 201 እንደነበረችው። 1 ከሆነ ግዛቱ በብዙ ኮድ ተከፋፍሏል። መጀመሪያ የተጠቀሙባቸው ኦፕሬተሮች ነበሩ። ተራው ደንበኛ ራሱ ሩቅ አገር መደወል የጀመረው በኅዳር 1951 ሲሆን ጥሪው ከእንግልዉድ ኒው ጀርሲ ወደ አላሜዳ ካሊፎርኒያ ነው። የ0 እና 1 ሕጉ የተሻረው በ1995 ነው፤ የአላባማው 334 ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። መሃሉ 0 ወይም 1 ያልሆነ የአሜሪካ ኮድ ያለበት ወረቀት ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው።

አገር ሲፈርስ ወይም ሲዋሐድ ኮዱ ምን ይሆናል?

ብዙ ጥያቄ የሚመጣልኝ ከዚህ ነው፤ እኔንም በጣም የሚይዘኝ ይኸው ነው። 37ን እንይ። የምሥራቅ ጀርመን ኮድ ነበር። ጀርመን በ1990 ተዋሐደች። የስልኩ ውሕደት ግን ጊዜ ወሰደ፤ የምሥራቁ ክፍል ወደ 49 የገባው በ1992 ነው። ባዶ የቀረው 37 ደግሞ አሥር ቦታ ተቆራርሶ ታደለ። 370 ሊቱዌኒያ፣ 371 ላትቪያ፣ 372 ኢስቶኒያ፣ 373 ሞልዶቫ፣ 374 አርሜኒያ፣ 375 ቤላሩስ። ከሶቪየት ኅብረት የወጡት አገሮች የምሥራቅ ጀርመንን ቁጥር ተካፈሉ ማለት ነው። የቀረው ለትንንሾቹ ለአንዶራ፣ ለሞናኮና ለሳን ማሪኖ ደረሰ። 379 ለቫቲካን ተመድቧል፤ ቫቲካን ግን ዛሬም የምትደወለው በጣሊያን 39 ውስጥ በሮም ቁጥር ነው።

የዩጎዝላቪያ 38ም እንዲሁ ተከፋፈለ። 381 ሰርቢያ፣ 385 ክሮኤሺያ፣ 386 ስሎቬኒያ፣ 387 ቦስኒያ፣ 389 ሰሜን መቄዶንያ። የቼኮዝሎቫኪያ 42 በ1997 ለቼክ 420፣ ለስሎቫኪያ 421 ሆነ። አገሩ የተለያየው በ1993 መሆኑን ልብ በሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ ሁለት አገር በአንድ ኮድ ቆይተዋል። ሊክተንስታይንም በ1999 ከስዊዘርላንድ 41 ወጥታ ከዚሁ 42 ላይ 423ን ያዘች።

መዋሐድ ቀለል ይላል። ሁለቱ የመኖች 967 እና 969 ነበራቸው፤ 967 ቀረ። ዛንዚባር 259 ተመድቦላት ነበር፤ ከታንዛኒያ 255 ጋር ተጠቃለለች። ካዛክስታን ደግሞ የተለየ መንገድ መረጠች። ዛሬም ከሩሲያ ጋር 7ን ትጋራለች።

ግሪንላንድ አፍሪካ ውስጥ ሳትሆን ኮዷ ለምን በ2 ይጀምራል?

ቦታ ስለነበረ ነው። 29 የሚለው ክፍል ክፍት ነበር። 297 ለአሩባ፣ 298 ለፋሮ ደሴቶች፣ 299 ለግሪንላንድ ተሰጠ። የመጀመሪያው አሃዝ ክፍለ ዓለሙን ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። መረጃ ስትሠሩ "በ2 የሚጀምር ሁሉ አፍሪካ" የሚል ደንብ አታስገቡ፤ ግሪንላንድን አፍሪካ ውስጥ ታገኟታላችሁ።

ኮድ ከቀጠና ቀጠናም ይሻገራል። 670 ቀድሞ የሰሜን ማሪያና ደሴቶች ነበር። እነሱ በ1997 ወደ +1 ሲገቡ ቁጥራቸውን ይዘው +1 670 ሆኑ። የተለቀቀው 670 በኋላ ለምሥራቅ ቲሞር ተሰጠ። ስለዚህ 670 ሲባል የየትኛው ዘመን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ደቡብ ሱዳን ግን በ2011 ነፃ ስትወጣ 211ን ያገኘችው እዚያው አፍሪካ ውስጥ ነው።

ኮሶቮ ለምን በሦስት አገር ኮድ ትደወል ነበር?

ሞባይል የሌላ አገር ኮድ ተከራይቶ መሥራት ስለሚችል ነው። 383 ለኮሶቮ የተመደበው በ2016 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የመስመር ስልኩ በሰርቢያ 381 ነበር። አንዱ የሞባይል ኩባንያ የሞናኮን 377፣ ሌላው የስሎቬኒያን 386 ይጠቀሙ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ወንድማማቾች የሦስት አገር ቁጥር ሊይዙ ይችሉ ነበር። የዚያን ዘመን የጥሪ መዝገብ የሚያጠና ሰው ሞናኮ የተባለውን ሁሉ ሞናኮ ነው ብሎ ከወሰደ ይሳሳታል።

የማንም አገር ያልሆነ ኮድ አለ?

አለ። 870 የኢንማርሳት ሳተላይት ስልክ ነው። ቀድሞ መርከቧ ያለችበትን ውቅያኖስ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ለፓስፊክ 872፣ ለሕንድ ውቅያኖስ 873፣ ለአትላንቲክ ምሥራቅና ምዕራብ 871 እና 874። በ2008 መጨረሻ እነዚህ ቀርተው 870 ብቻውን ይበቃል ተባለ። 881 የሌሎች የሳተላይት ስልኮች ሲሆን 800 ደግሞ ዓለም አቀፍ ነፃ ጥሪ ነው።

የአደጋ ጊዜ ቁጥር ለምን በየአገሩ ተለያየ?

በየአገሩ ለየብቻው ስለተጀመረ ነው። ቀዳሚው በሰኔ 1937 ለንደን ላይ የተጀመረው 999 ነው። በ1935 እዚያው ለንደን ዊምፖል ጎዳና ላይ በተነሳ ቃጠሎ አምስት ሴቶች ሞቱ። ስልክ ለመደወል የሞከረ ጎረቤት ተራ ሲጠብቅ ቆይቶ ነበር። 9 የተመረጠው መደወያው ጫፍ አካባቢ ስለሆነ፣ በጭስና በጨለማ ውስጥ እንኳ በዳሰሳ ስለሚገኝ ነው። 111 ደግሞ አይሆንም ተባለ፤ በነፋስ የተነካካ ሽቦ ተመሳሳይ ምት ሊልክ ይችላላ።

ታዲያ ኒውዚላንድ 111ን እንዴት መረጠች? የእነሱ መደወያ ቁጥሮቹ ተገልብጠው የተጻፉበት ስለሆነ ነው። እዚያ 1 ስታዞሩ ዘጠኝ ምት ይወጣል። ለማሽኑ ያው 999 ነው! አሜሪካ 911ን የጀመረችው በየካቲት 1968 በሄይሊቪል አላባማ ሲሆን፣ አውሮፓ በ1991 ውሳኔ 112ን የጋራ አደረገች።

በአሮጌ ወረቀት ላይ ያለ የስልክ ቁጥር ዘመኑን ሊነግረኝ ይችላል?

ይችላል። ቀን ያልተጻፈበት የለንደን ሱቅ ደረሰኝ እጃችሁ ገባ እንበል። ቁጥሩ በ01 ከጀመረ ከግንቦት 1990 በፊት የታተመ ነው። 071 ወይም 081 ከሆነ ከግንቦት 1990 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ነው። 0171 ወይም 0181 ከሆነ ከዚያ ወዲህ እስከ 2000 ነው። 020 ከሆነ የዚያ ለውጥ ውጤት ነው። አንድ ሱቅ ቦታውን ሳይለቅ በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቁጥሩ ተቀይሯል። መኪናው በር ላይ፣ የሱቁ ሰሌዳ ላይ፣ ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ሦስት ጊዜ ተፍቆ ተጽፏል።

ሌላውም አገር የራሱ ምልክት አለው። የፈረንሳይ ቁጥር በ1985 ባለ ስምንት አሃዝ፣ በጥቅምት 1996 ደግሞ ባለ አሥር አሃዝ ሆነ፤ የፓሪስና አካባቢው በ01 ይጀምራል። ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ቁጥሩ የሚነግራችሁ ወረቀቱ ከመቼ በፊት ሊታተም እንደማይችል ነው። ሰው የድሮ ወረቀቱን እስኪጨርስ ይጠቀምበታል። ስለዚህ አዲስ ቁጥር ጠንካራ ማስረጃ ሲሆን አሮጌ ቁጥር ግን ደካማ ነው።

የተለያዩ ዘመናት የስልክ ብዛት መረጃ ለምን አይገጣጠምም?

የተቆጠረው ነገር አንድ ስላልሆነ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የወጡ ሠንጠረዦች የሚቆጥሩት መሣሪያውን ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት አንድ አንድ ስልክ ያለው ቤት ሁለት ተብሎ ይመዘገባል። ኋላ ላይ መስመር መቁጠር ተለመደ፤ ያው ቤት አንድ ሆነ። ሞባይል ሲመጣ ደግሞ የሚቆጠረው ሲም ካርድ ነው። ሁለት ሲም ያለው ሰው ሁለት ሰው ይመስላል። በ2002 በዓለም ላይ የሞባይል ቁጥሮች ብዛት የመስመር ስልክን አለፈ ሲባል እውነት ነው፤ ግን ሲምና መስመር ነው የተወዳደረው እንጂ ሰውና ሰው አይደለም። ሁለት ሠንጠረዥ ከማገጣጠማችሁ በፊት ከግርጌ ያለችውን ትንሿን ማብራሪያ አንብቡ።

የድሮ ቁጥሮችን ኮምፒውተር ላይ ስመዘግብ ምን ልጠንቀቅ?

መጀመሪያ ዜሮውን። የሠንጠረዥ ፕሮግራም ቁጥሩን እንደ ሂሳብ ካየው የፊቱን 0 ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ከሰዓት የተየብኩት ዝርዝር እንዲህ ሆኖብኛል፤ 071 የነበረው 71 ሆኖ ጠበቀኝ፣ እንደገና ከወረቀቱ መጀመር ነበረብኝ። ዓምዱን ከመጀመሪያው "ጽሑፍ" አድርጉት። "ወደ ዓለም አቀፍ ስቀይር ዜሮውን ልጣለው?" የሚለውም ይመጣል። በአብዛኛው አገር አዎ፤ የለንደኑ 020 ከውጭ +44 20 ነው። ጣሊያን ግን ከ1998 ጀምሮ ዜሮውን ይዛ ትቀጥላለች፤ ሮም +39 06 ናት። ጣሉት ያላችሁት ዜሮ እዚያ ጥሪውን ያበላሻል።

ሁለተኛው ነገር ቁጥሩን ሰነዱ ላይ እንዳለ ማስቀመጥ ነው፤ ክፍተቱ፣ ሰረዙ፣ የማዞሪያው ስም ሳይቀር። ዘመናዊ መልኩን በሌላ ዓምድ ጻፉ፤ ከጎኑም ሰነዱ የተገኘበትን ዓመት። "+42" የሚል ቁጥር ያለ ዓመቱ ከተመዘገበ ፕራግ ይሁን ብራቲስላቫ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም።